ሰንሰለት የሚነክስ አዞ

«ከኮኪት እስከ መተማ ዮሐንስ ያለው ዋልካ ሁሉ ተሰብስቦ ቢመጣ፣ እኔ ሰንሰለት ያሰርኩለትን መኪና አይዝም! እይዛለሁ የሚል ጭቃ ካለ ስሙን ንገሩኝና ሄጄ ልስደበው!»

ይህን ያለችው የሻረግ ናት። ያለችውም ተደብቃ አይደለም፤ ኮኪት ከተማ፣ መሐመድ ጎሚስታ ቤት ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ገበያተኛው ተሰብስቦ እያያት፣ ብረቷን እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አጋድማ ነው። ሰው ሳቀ። እሷ ደግሞ ሳቁን እንደ ጭብጨባ ቆጠረችው።

የሻረግ አፏ ከእጇ ይቀድማል ይላሉ የሚያውቋት። እጇም ቢሆን ሰነፍ አይደለም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን ወርውራ መሐመድ ዘንድ ጎማ መፍታት፣ መለጠፍና ብየዳ መያዝ ከጀመረች ሁለት ክረምት አልፏል። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናቷ ሀብትነሽ በኪራይ መሬት ላይ ሰሊጥ ትዘራለች፤ ልጅቱ ጎማ ትነፋለች። ቤታቸው የቆመው በእነዚህ በሁለቱ ነው፤ በሰሊጥና በነፋስ።

ብረቱን የሠራችው ራሷ ናት። በዚያ አገር ክረምት ከገባ መሬቱ መሬት መሆኑን ይተዋል። ጥቁር፣ እንደ ሙጫ የሚይዝ፣ እንደ ሊጥ የሚሳብ ዋልካ ይሆናል። ከባድ መኪና ጎማው ላይ ሰንሰለት ካላሰረ ወደ እርሻ ንቅንቅ አይልም። ማሰሩ ደግሞ ፍዳ ነው። አስፋልቱን ለቀው ዋልካው ከመጀመሩ በፊት አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ አለ፤ ሾፌር ሁሉ እዚያ ይቆማል። የማሽላ አገዳ ይጎዘጉዛል፤ ሰንሰለቱን አገዳው ላይ ይዘረጋል፤ ጎማውን ያስረግጠዋል። ከዚያ ሁለት ጎረምሳ ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ አንዱ የሌላውን ዘር እየሰደበ፣ ይጎትታል። እንዲያም ሆኖ ሰንሰለቱ ላላ ብሎ ነው የሚታሰር። መንገዱን ሁሉ ሲንኳኳ ይሄዳል።

የሻረግ ይህን ፍዳ አይታ አይታ፣ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ብረት «አዞ»ን ሠራች። ክንድ የሚያህል ብረት ነው። ጫፉ ላይ ቆልመም ያለ ጥርስ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ በብሎን የሚታጠፍ ሌላ ጥርስ። አንዱ ጥርስ የሰንሰለቱን አንድ ጫፍ ይነክሳል፣ ሌላው ሌላውን። እጀታውን ወደ ታች ሲጫኑት ሁለቱ ጫፎች እየተሳሳቡ መጥተው ይሳሳማሉ፤ ያኔ መቆለፊያውን ሸጎጥ ማድረግ ብቻ ነው። መኪናው እንደቆመ፣ ያለ አገዳ፣ ያለ ክሪክ፣ ያለ ስድብ። ስድቡ እንኳ ቀርቶ አያውቅም፤ የሻረግ ካለች ስድብ አለ።

የዚያን ቀን ያሰረችው የአዱኛን አይሱዙ ነበር። አዱኛ ሸበቶ ሾፌር ነው፤ የኮኪትን የእርሻ መንገድ ሁሉ በጀርባው የለካ።

«ሰንሰለትዎ ሰፊ ነው ጋሸ አዱኛ» አለችው፤ «የሟች ሱሪ ያጠለቁ ይመስላል። እንዳይንኳኳብዎ ትርፉን ቆርጨዋለሁ።»

ቆርጣዋለች፤ ከየጫፉ ቀለበት ቀለበቱን አንስታ ቆርቆሮ ውስጥ ጥላዋለች። ከዚያ አዞዋን አስነክሳ ብትጫነው፣ ሰንሰለቱ ጎማው ላይ እንደ ካልሲ ልክክ አለ። አዱኛ እጁን አፉ ላይ ጫነ። መሐመድ ብቻ፣ ሽማግሌው የሱቁ ባለቤት፣ በጣቱ ሰንሰለቱን ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ ቆንጆ ነው። ግን ትንሽ ላላ ማለቱ ደግ ነበር ልጄ። ለምን ቆረጥሽው?»

«ሲንኳኳ ደስ የሚልዎ ከሆነ አንገቱ ላይ ቃጭል እናንጠልጥልለት አባባ!»

ሰው አውካካ። መሐመድም ሳቀና ገባ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

መስቀል አለፈ። ዝናቡ ሊያባራ ሲገባው አላባራ አለ፤ ከጓንግ ወንዝ በኩል እየተነሣ ሌሊት ሌሊት ይጥል ጀመር። አንድ ማለዳ የየሻረግ ስልክ ጮኸ። እናቷ ናት፣ ከእርሻ።

«የሻረግ፣ ሰሊጡ አፉን ሊከፍት ነው» አለቻት። ድምፅዋ የደረቀ ነበር። «ታች ታቹ ጀምሯል። ዛሬ ሰው ካልገባልኝ ነገ ፀሐይ ሲመታው አለቀልኝ።»

ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም። ሲደርስ ፍሬው ያለበት ቅርፊት ከአናቱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ነፋስም ሆነ ወፍ ነካ ካደረገው ያለውን ሁሉ መሬት ላይ ያፈሳል። ፈሶ የሚለቀም እህል አይደለም። ሀብትነሽ አምና መንገድ ተዘጋግቶ ሠራተኛ አጥታ ግማሹን መሬት በልቶባታል። ዘንድሮ የመሬቱ ባለቤት አፍ አውጥቶ ነግሯታል፦ ይህንንም ካላነሣሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ። መሬቱ ከሄደ ሌላ መሬት የላቸውም፤ እናትየው የሰው ጓሮ ልታርም፣ ወይም ወደተወችው ደጋ ተመልሳ የወንድሟን ሚስት ፊት ልታይ ነው። ይህን የሻረግ ታውቃለች። ቀልደኛ ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም።

«አታስቢ እማየ! ሠራተኛውን ይዠ፣ በጋሸ አዱኛ መኪና፣ አዞየን አንግቤ ከች ነው። አንች ብቻ ወጡን ሥሪ።»

ከአዱኛ ጋር ሠራተኛ ፍለጋ ሸሕዲ ከተማ ወረደች። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ብዙ ቀን ስለሚዘጋ ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ጥቂት ነበር። ባለ እርሻ ሁሉ እንደ ሙሽራ ይሻማዋል። የሻረግ ግን አፏ ለዚህ ቀን የተፈጠረ ይመስል ተራኮተች፤ ተሳለቀች፤ ለመነች። በመጨረሻም የአንድ የጎጃም ቡድን አለቃ፣ ባንተአምላክ የሚባል ቀጭን ሰው፣ ማጭዱን ብብቱ ሥር እንዳደረገ አያትና ፈገግ አለ።

«አንች እኮ ምላስሽ ብቻውን ያጭዳል። እኛ ምን እናደርግልሻለን?»

«ምላሴ ያጭዳል፣ እናንተ ታስራላችሁ! የእናቴን ወጥ የቀመሰ ሠራተኛ ሌላ እርሻ አይቶ አያውቅም፤ ይሂዱና ያረጋግጡ።»

«እንግዲያው ቀምሰን እናያለን» አለ ባንተአምላክ፤ ሰዎቹም ጆንያቸውን ወደ መኪናው ወረወሩ።

ቀምሰን እናያለን ማለቱ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በቆላ ያለ ወግ ነው፤ ሠራተኛ እርሻው ላይ ደርሶ የባለ እርሻውን እህል እስኪቀምስ ድረስ የማንም አይደለም። ከቀመሰ በኋላ ግን ሌላው እጥፍ እሰጣለሁ ብሎ ቢጠራው አይሄድም። ነውር ነው። ስለዚህ ነው ሀብትነሽ ከንጋት ጀምራ እሳት ላይ የተጣደችው።

የሻረግ ጋቢና ገብታ ከአዱኛ ጎን ተቀመጠች። አዞው ጭኗ ላይ ነው። ቁርቁራው ጋ ሲደርሱ አዱኛ እንደ ልማዱ ፍሬን ያዘ። ዛፉ ሥር መኪና ተሰልፏል፤ ሾፌሮች አገዳ ይጎዘጉዛሉ፣ ይሰዳደባሉ። ከጓንግ በኩል ደመናው እንደ ጥቁር ብርድ ልብስ እየተዘረጋ ነው።

«ምን ያቆምዎታል ጋሸ አዱኛ?»

«ሰንሰለት ነዋ ልጄ። እዚሁ እንሰር።»

«ይህን ሁሉ ሰልፍ ጠብቀን? ዝናቡ ሊቀድመን አይደል እንዴ! አዞየን ለጌጥ ነው የያዝኩት? ይንዱት ግድ የለም፤ ምናልባት ሳያስፈልገንም እንደርሳለን። ዋልካው ከያዘን ያኔ ወርጄ በአንድ እጄ አስረዋለሁ። ኮኪት ላይ በዓይንዎ አይተው የለ?»

አዱኛ ሰልፉን አየ። ደመናውን አየ። ጉልበቱንም አሰበ መሰለኝ፤ ጭቃ ላይ መንበርከክ የሰለቸው ጉልበት ነው። ሰነፍ ሾፌር ሰበብ ሲያገኝ እንደ ተሾመ ሰው ይነሣሣል። ማርሹን አስገባና ሰልፉን አልፎ ሄደ።

«አዱኛ! ሳታስር የት ነው?» ብሎ ጮኸ አንዱ ከዛፉ ሥር።

«ምቀኛ!» አለች የሻረግ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ።

ጥቂት ሄዱ። መኪናው ዳሌዋን እንደምታወዛውዝ ሴት ግራ ቀኝ እያለ ተጓዘ። ኋላ ላይ ያሉት ሠራተኞች ዘፈን ጀመሩ። ዝናቡ ሳይጥል እንደርሳለን ስትል ጣለ። ጥቂት እንደሄዱ ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው ዞረ፤ መኪናው ግን ባለበት ቀረ። እየዞረ፣ እየዞረ፣ የራሱን መቃብር ቆፈረ። ዘፈኑ ቆመ።

«ተራየ ደረሰ!» ብላ የሻረግ ዘላ ወረደች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። አሁንም ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር።

ወደ ጎማው ዞራ ስታይ ግን ጎማ አልነበረም። የነበረው የጭቃ እንሥራ ነው። ዋልካው በጎማው ዙሪያ ተጠምጥሞ፣ በሁለቱ መንታ ጎማዎች መካከል ተጠቅጥቆ፣ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሮ፣ ውፍረቱን ሌላ አድርጎታል። በእጇ ፋቀች፤ በእንጨት ፋቀች። አንዱን ስታነሣ ሌላው ይለጠፋል። ሰንሰለቱን ከመኪናው አውርዳ ጎማውን አለበሰችው። አዞዋን አንዱን ጫፍ አስነከሰች፤ ሌላውን አስነከሰች። ተጫነች።

ጫፎቹ ተጠጉ። ተጠጉና ቆሙ። በመካከላቸው አንድ መዳፍ ያህል ክፍተት ቀረ።

እንደገና ተጫነች። ተንጠለጠለችበት። ሁለቱ ጫፎች እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ፊት ለፊት ተያይተው አልገናኝ አሉ።

«ምን ሆነ?» አለ አዱኛ፣ ከጀርባዋ።

የሻረግ ገብቷት ነበር። ያ ላላ የሚለው፣ የሚንኳኳው፣ የሟች ሱሪ ያለችው ትርፍ፣ ለጭቃው የተተወ ቦታ ነበር። ያ ቀለበት ሁሉ አሁን መሐመድ ቤት፣ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

«ምን ሆነ እኮ ነው የምልሽ!»

«አጠረ» አለች በቀስታ።

«ማን ያሳጠረው?»

የሻረግ እጀታውን መልሳ ያዘች።

ባንተአምላክና ሁለት ጎረምሶች ወርደው እጀታው ላይ ተረባረቡ። «በል በል በል!» ተባለ። ብሎኑ ጧ ብሎ ተበጠሰ፤ የአዞው አንድ ጥርስ በአዱኛ ጆሮ ሥር ፉጭ ብሎ አልፎ ዋልካው ውስጥ ሰጠመ። አንዱ ጎረምሳ ከነ እጀታው በጀርባው ወደቀ።

«አዞሽ ድዱን ብቻ ቀረ» አለ ባንተአምላክ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ የተሞከረው ሁሉ የሙት ሰው ፈውስ ነበር። አካፋ ተያዘ። ቁጥቋጦ ተቆርጦ ጎማው ሥር ገባ፤ ጎማው አኘከና ተፋው። አገዳ በአቅራቢያው የለም፤ አገዳው ቁርቁራው ሥር ነው። መኪናው እስከ ሆዱ ገብቶ ተቀመጠ። የሻረግ ስልክ ጮኸ።

«የት ደረሳችሁ?» አለች እናቷ። «ወጡ ደርሷል። ይህ ካፊያ ነው፣ ያልፋል፤ ዛሬ ዳሩን እንኳ ከያዛችሁልኝ ይበቃኛል።»

«እየመጣን ነው እማየ» አለች የሻረግ። በሕይወቷ እንዲያ አጭር ንግግር ተናግራ አታውቅም።

ዝናቡ ሲያባራ የትራክተር ድምፅ ተሰማ። ከአንድ ትልቅ እርሻ የመጣ ነው፤ ኋላ ጎማዎቹ ላይ ሰንሰለት ታስሮበት፣ እየተንኳኳ፣ ባዶ ተሳቢ እየጎተተ። የእርሻው ካቦ፣ ትዕዛዙ የሚባል የሠራተኛ አለቃ፣ ከላይ ሆኖ ሠራተኞቹን በዓይኑ ቆጠረ።

«የማን ናችሁ?»

ባንተአምላክ ወደ የሻረግ አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት።

«ገና የማንም አይደለንም። እህል አልቀመስንም።»

የሻረግ ትራክተሩ ፊት ቆመች። «ጋሸ፣ በእመብርሃን ይጎትቱን! ትንሽ ነው የቀረን። የእናቴ ሰሊጥ አፉን እየከፈተ ነው።»

«የእኛስ ዘግቶ ነው እንዴ?» አለ ትዕዛዙ። «ደግሞ ባወጣውስ፣ ያለ ሰንሰለት ወዴት ሊሄድ ነው? እዚያ ማዶ መልሶ ይተከላል። እናንተ ሰዎች የምትመጡ ከሆነ ተሳቢው ላይ ውጡ፤ ሳይመሽ ልግባ።»

የሻረግ ወደ ጋቢናው ሮጠች። ለእናቷ ከሸሕዲ የገዛችው ተምር በፌስታል ነበር። ፌስታሉን ከፍታ ሠራተኞቹ መካከል ገባች፤ ጭቃ በቀባው እጇ ለእያንዳንዳቸው ትዘረጋ ጀመር።

«እንኩ ብሉ! የእናቴ ነው፤ ብሉ! ቅመሱ እንጂ፣ ምን ያስፈራችኋል? ተምር ነው፣ መርዝ አይደለም!»

ሰዎቹ ዓይናቸውን መለሱ። አንድ ጎረምሳ አሳዘነችውና አንዲት ፍሬ ተቀበለ። ወደ አፉ ሲያደርስ ባንተአምላክ እጁን ያዘው።

«እርሻ ላይ ነው የሚቀመሰው የኔ ልጅ» አላት፤ አሁን በድምፁ ቀልድ አልነበረም። «ይህ መንገድ ነው። መንገድ ላይ ብንበላ ማንም የእናንተ ናቸው አይለንም። በእግር እንሂድ ብንልም በዚህ ዋልካ ሬሳ ሆነን ነው የምንደርስ፤ ሬሳ አያጭድም። እኛም አገር ቤት የሚጠብቁን ልጆች አሉን። እናትሽን ይቅርታ በይልን።»

ጎረምሳው ተምሯን ቀስ አድርጎ ወደ ፌስታሉ መለሳት። ያ ከሁሉ በላይ አንገበገባት። ጆንያው ወደ ተሳቢው ተወረወረ። ትራክተሩ እየተንኳኳ ሄደ። አዱኛ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ አልተቆጣትም፤ ሊያያትም አልፈለገ።

የሻረግ በእግሯ ተነሣች። ኮንጎ ጫማዋን አንዱን ዋልካው አስቀረው፤ ሌላውን ራሷ ጣለችው። በየእርምጃው ጭቃው እግሯ ላይ እየተደራረበ ከበዳት፤ ቆማ ትፍቃለች፣ ትሄዳለች፣ መልሶ ይከብዳታል። ሁለት ጊዜ ወደቀች። የተሰበረውን አዞ ለምን እንደያዘች አታውቅም፤ ግን አልጣለችውም። መንገዱን ሁሉ ለእናቷ የምትለውን ስታዘጋጅ ሄደች። አዱኛ መንዳት አይችልም እላለሁ አለች። ዝናቡ ነው እላለሁ አለች። ጎጃሞቹ ከዱን እላለሁ አለች። ሁሉም አፏ ላይ ሲደርስ ሟሟ።

ስትደርስ ፀሐይዋ ከደመናው ሥር ወጥታ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ሀብትነሽ እርሻው ዳር ቆማለች፤ ማጭድ ይዛለች። ብቻዋን ስታጭድ ውላ አንዲት ቀጭን ጠርዝ አንሥታለች፤ ከሰፊው ማሳ ፊት እንደ ጠባሳ ትታያለች። ዳሱ ሥር ትልቁ ድስት በላስቲክ ተሸፍኗል፤ እንጀራው በመሶብ ሙሉ ነው። ዝንብ ብቻ ዞሮታል።

እናትየው መጀመሪያ ልጇን አላየችም። ከልጇ ጀርባ ያለውን መንገድ ነው ያየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሰዎቹስ?»

የሻረግ ነገረቻት። ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፍቶባት እንዳለ ነገረቻት፤ ቁርቁራውን፣ ቀለበቱን፣ ብሎኑን፣ ተምሩን።

ሀብትነሽ አጠገቧ ያለውን አንድ እግር ሰሊጥ ያዘችና ቀስ ብላ አዘነበለችው። ሽርርር አለ። ነጩ ፍሬ ጥቁሩ ጭቃ ላይ ፈሰሰና እዚያው ተለጥፎ ቀረ። ቀጣዩን አዘነበለች። ያም ሽርርር አለ። ነፋስ መጣና ማሳው ሁሉ ተወዛወዘ፤ እናትና ልጅ ድምፁን ቆመው ሰሙ። ነገ ፀሐይ ሲወጣ የሚሆነውን ሁለቱም ያውቁታል።

«ዋ መሬቴ» አለች ሀብትነሽ፤ ለማንም አይደለም ያለችው። ማጭዷን መሬት ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። የሻረግ እናቷ ሥራ ሳያልቅ ስትቀመጥ አይታ አታውቅም።

የፈለገው ይምጣ እንጂ ዝምታ አይሁን ብላ አዞውን አንሥታ አሳየቻት።

«እማየ፣ ብረቱ እኮ ጥፋት የለበትም» አለች። «ኮኪት ያየ ሁሉ ተደንቋል! ጋሸ አዱኛን ጠይቂ። ጎማው ደረቅ ከሆነ፣ መሬቱ ደረቅ ከሆነ፣ እንደሱ አድርጎ ሰንሰለት የሚያስር በመተማ አንድም የለም!»

ሀብትነሽ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«ለደረቅ መሬትማ ማን ሰንሰለት ያስራል?»